ያንቺው ምን ይላል?

በ2079 ዓ.ም. ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ጭንቅላቶችን ነው። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ወጣት ራሷን ቶሎ ቶሎ ትነቀንቃለች። አጠገቧ ያለው ጎልማሳ ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ ይወዛወዛል። ከኋላ አንዲት ሴት እንባዋን ትጠርጋለች፤ ከጎኗ ያለው ሰውዬ ደግሞ ለብቻው ፈገግ ይላል። ማንም ማንንም "ምን ሆንክ?" ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም ጆሮ ውስጥ የምስር ቅንጣት የምታክል ፍሬ አለች፤ ፍሬዋም ለባለቤቷ ብቻ፣ በዚያች ደቂቃ ስሜቱ ልክ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ከዚያም በኋላ የማይደገም ሙዚቃ ትሠራለታለች። የሰው ንግግር እንዳለ ታሳልፋለች። የቀረውን የውጭ ድምፅ፣ የመኪና ጥሩምባም ይሁን የውሻ ጩኸት፣ ከዘፈኑ ጋር እንዲስማማ አስተካክላ ነው የምታሰማው።

ሰው ለምዶታል። ለቅሶ ቤት እያንዳንዱ በየራሱ ሙሾ ያለቅሳል። ስታዲየም ውስጥ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊም እየጨፈረ ይወጣል። ሠርግ ላይ ሦስት መቶ ሰው በየራሱ ዘፈን እስክስታ ይወርዳል፤ ፍሬ የሌለው ሰው በመካከላቸው ቢገኝ የሚሰማው የጫማ ኮቴ፣ የአምባር ቅጭልጭልታና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደስ አይልም ማለት አይቻልም። የማይወደውን ዘፈን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለማ።

ትርሲት በዚህ ታክሲ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ፍሬዋን ኪሷ ውስጥ መክተት ከጀመረች ሰንብታለች። በሰው ፊት ፍሬን ማውጣት ልብስ እንደ ማውለቅ የሚቆጠር ነውር ስለሆነ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ሸፈን ታደርጋለች። ሥራዋ የድሮ ሊፍት መንቀል ነው። በር፣ ምድጃ፣ መብራት፣ ቧንቧ ሁሉም በቃል ስለሚታዘዝ ከተማው ውስጥ የሚጫን ወይም የሚዞር ነገር የቀረው በአሮጌ ኮንዶሚኒየሞች ብቻ ነው፤ እሱንም ትርሲትና ባልደረቦቿ እየነቀሉ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸኙታል።

ሁሉ ነገር የጀመረው አንድ ቀን ከግድግዳ የነቀለችውን የሊፍት ሰሌዳ ታቅፋ ስትወርድ ጣቷ ሳታስበው የአምስተኛ ፎቅን ቁልፍ ስለተጫነ ነው። ጠቅ አለ። ቁልፉ ገባ፤ ጣቷን ገፍቶም ተመለሰ። ትርሲት ደረጃው ላይ ቆመች። እንደገና ተጫነችው። ጠቅ። በዕድሜዋ ሙሉ ነገሮች ሲታዘዙላት ኖረዋል፤ መልሶ የገፋት ነገር ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። የዚያን ቀን ሰሌዳውን ወደ ብረት ክምር አልጣለችውም፣ ይዛው ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ በቃ ለየላት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምናለሽ ተራ ትወርድና ቆርቆሮ ከሚቀጠቅጡት መካከል ተቀምጣ የድሮ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ትመርጣለች። ከአንድ የፈረሰ አዳራሽ የተረፈ፣ ሽፋኑ የተቀደደ ሞንታርቦ አገኘች። የሊፍቱን በር ይይዝ የነበረውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈትታ ስትገጥመው ችክ፣ ችካ፣ ችክ፣ ችካ እያለ ምት የሚመታ ሆነ፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሽቦ በየደች፣ ጣቷን አቃጠለች፣ መጋረጃዋን አቃጠለች፣ የጎረቤት በር አንኳኩታ ይቅርታ ጠየቀች። በመጨረሻ አምስተኛ ፎቅን ስትጫነው ሞንታርቦው ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ጮኸ። ትርሲትም አብራ ጮኸች። ምድር ላይ ከዚያ የከፋ ድምፅ ያለ አይመስልም፤ እሷ ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ምክንያቱም ያን ድምፅ ለእሷ ብሎ የመረጠላት ማንም አልነበረም። ራሷ ናት ያመጣችው።

መሣሪያዋን መጀመሪያ ያየችው ታናሽ እህቷ ሀመልማል ናት። ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር፤ ልብስ ልታስለካ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ የሊፍቱ ቁልፎች የተገጠሙበትን ሳጥን አየችና ዝቅ ብላ አፏን አስጠጋች።

"ጀምሪ" አለችው። ዝም። "ጀምሪ እንጂ! ምነው፣ አትሰማም እንዴ?"

"አትሰማም። ተጫኛት።"

"በምን?"

"በጣትሽ ነዋ! ፍሬሽን አውጪና ተጫኛት። ሰው የለም፣ እኔ ነኝ።"

ሀመልማል በሩን ገልመጥ አድርጋ ፍሬዋን አወጣች፤ አምስተኛ ፎቅን በአመልካች ጣቷ ነካ አደረገችው። ፍየሉ ጮኸ። እሷም ወንበሩን ገልብጣ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ከዚያ ተመልሳ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ተጫነችው። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

እነዚህ እህትማማቾች ልጅ ሳሉ አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር፤ ፍሬዎቻቸው ግን ሁለት ነበሩ። ሀመልማል በክርኗ ጎሸም ታደርጋትና "ያንቺው ምን ይላል?" ትላታለች። ትርሲት በቃል ለመንገር ትታገላለች። "የእኔው ዝናብ ዝናብ ይላል... ከዚያ ከበሮ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ይዘፍናል።" "ምን ዓይነት ሰውዬ?" "እንጃ። ጢም ያለው ይመስላል።" "የእኔው ላይ ሰውዬ የለም" ትልና ሀመልማል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በሕይወታቸው አንድ ዘፈን አብረው ሰምተው አያውቁም። ይህ ደግሞ እንደ ጉድለት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የማንም እህትማማቾች ኑሮ እንደዚሁ ነው።

"ትርስዬ" አለች ሀመልማል ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፤ "አሁን ይቺ አንድ ድምፅ ናት። ዘፈን አድርጊያት።"

"ለመቼ?"

"ለመልሴ። በማግስቱ ከደርበው ጋር ጎዴ ልሄድ ነው፤ ሥራው እዚያ ነው፣ መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ሳልሄድ አንድ ዘፈን፣ እኔና አንቺ፣ አንድ ላይ እንጨፍር። ሌላ ስጦታ አልፈልግም።"

ትርሲት ቃል ገባች። እንቅልፍም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሰናበታት። ከምድር ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ በባቲ ቅኝት አስተካከለቻቸው። እናቷ እትዬ ሶልያና ጓዳ ከጣሉት አሮጌ ምድጃ ላይ ከዜሮ እስከ ስድስት ቁጥር የተጻፈባትን ማዞሪያ ነቅላ ሳጥኑ መሀል ገጠመቻት፤ ይቺ ማዞሪያ ስትዞር ድምፁ ከወፍራም ጉርምርምታ ተነሥቶ እስከ ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ትርሲት ከሁሉ አብልጣ የወደደችው እሷን ነው።

አንድ ያላሰበችው ነገር በጥሎሹ ቀን መጣ። የሙሽራው አባት ጋሽ ያብስራ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው፣ በትንሽ ሣጥን የወርቅ ፍሬ ይዘው መጡ። ወጉ ነው፤ ከጥሎሹ ሁሉ የሚከበረው እሱ ነው። በሽማግሌዎች ፊት በገዛ እጃቸው ሀመልማል ጆሮ ውስጥ አስገቡላት። ሙሽርነቷ እስኪያበቃ ድረስ ከዚያ አይወጣም፤ ሙሽራዋ ራሷ ብታወጣው የባሏን ቤተሰብ ናቀች ይባላል። ማውጣት የሚችለው ያስገባው አማት ብቻ ነው። እልልታው ሲቀልጥ ሀመልማል በተሰበሰበው ሰው መሀል እህቷን ፈለገቻት፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። ትርሲት ከሩቅ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ "አይዞሽ፣ ሞንታርቦ አለን፤ ከፍሬው በላይ ይጮኻል" እንደ ማለት።

መልሱ በሚያዝያ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ነበር። ትርሲት ሳጥኑን ከማለዳ ጀምራ በረንዳዋ ላይ ስትቃኘው አርፍዳ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። እንግዶቹ ምግብ አንስተው፣ ጠጅና ቢራ ይዘው፣ በየፍሬያቸው መወዛወዝ ጀምረዋል። ድንኳኑ በሰው ትንፋሽና በፀሐይ እንደ ዳቦ ምድጃ ግሏል። ትርሲት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ፍሬዋን ከሻሿ ሥር አውጥታ ኪሷ ከተተች። የሞንታርቦውን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፈተችና የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

የድንኳኑ ምሰሶዎች ነዘሩ። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ከሥር ችክ ችካው። ሰው ሁሉ ዞረ፤ ፈገግ አለ፤ ተነሥቶም መጨፈር ጀመረ! ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ አንገት ተሰበቀ። ሀመልማል በነጭ ካባዋ መሀል ገብታ እጆቿን ዘረጋች። ትርሲት ከደስታዋ ብዛት ጮክ ብላ ሳቀች። ይኸው ሆነ! ሆነላት!

ግን ሊፍት ስትነቅል የኖረች ሰው ናትና ዓይኗ እንዲህ ያለ ነገር አይስትም፦ እግሮቹ አብረው አያርፉም ነበር። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ገና በአየር ላይ ነው። ምቱን ቀነስ አደረገች። ማንም አልቀነሰም። ሩጫ አስመሰለችው። ማንም አልፈጠነም። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቿን ከሳጥኑ ላይ አነሣች፤ የሞንታርቦው ድምፅም ቀጥ አለ።

ጭፈራው ቀጠለ።

ድንኳኑ ውስጥ የኮቴ ድምፅ፣ የአምባር ድምፅ፣ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር። ሀመልማል እየጨፈረች ወደ ትርሲት ተጠጋችና ጉንጯን ሳመቻት።

"በጣም ያምራል፣ ትርስዬ! በጣም ነው የሚያምረው!"

"ምን ይላል? ምን እየሰማሽ ነው?"

"እሱ ክራሩ ራሱ..."

ሳጥኑ ላይ ክራር የለም። ሀመልማል ራሷ የተናገረችውን ሰማችና ቀጥ ብላ ቆመች። እጇ ወደ ወርቁ ፍሬ ሄደ፤ መንገድ ላይም ቀረ፤ አማቷ ከማዶ እያዩዋት ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ተያዩ። የእያንዳንዱ ሰው ፍሬ የትርሲትን ሥራ ሁሉ ተቀብላ፣ አጥባ፣ አለስልሳ ለባለቤቷ የራሱን አድርጋ ሰጥታዋለች። ትርሲት የዚያን ጊዜ የተሰማት ነገር ቁጣ ብቻ ነበር። የተቃጠሉ ጣቶቿን አየች። ሳጥኑን አንስታ መሬት ላይ ለመፈጥፈጥ ትንሽ ነው የቀራት።

በዚህ መሀል ጋሽ ያብስራ ብርጭቆአቸውን ይዘው መጡ።

"የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ሙያ ነው። እንዲህ የተስተካከለ ነገር ከሰማሁ ቆይቻለሁ።"

"ተስተካከለ?" አለች ትርሲት። ነገሩ አንገቷ ላይ ደርሶ ነበርና ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም፤ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ያዘችና የምድጃዋ ማዞሪያ ላይ አስቀመጠችው። "እስቲ ጋሼ፣ ይቺን ያዙሩልኝ።" በሌላው እጇ አምስተኛ ፎቅን ተጫነችና ያዘችው።

ጋሽ ያብስራ ማዞሪያዋን እንዴት እንደሚይዟት ለአፍታ ግራ ገባቸው። ከዚያ ጣቶቻቸው ራሳቸው አስታወሱ፤ በልጅነታቸው እናታቸው ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ ነበር። ወደ ቀኝ አዞሩ። ሞንታርቦው ከጉርምርምታ ተነሥቶ የድንኳኑን ሸራ እስኪያርገበግብ ጮኸ። የጋሽ ያብስራ ፊት ግን አልተለወጠም።

"አትሠራም" አሉ።

"ይጨምሩ።"

እስከ ስድስት ድረስ አዞሯት፤ መልሰው እስከ ዜሮ አወረዷት። እንደገና ሰቀሏት። ግንባራቸው ተኮማተረ። "ይቺ ነገር... እጄ ሥር ትንቀጠቀጣለች እኮ። አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ጆሮዬ ላይ ግን ያው ነው። ምንም አልተለወጠም።"

"እጅዎ ነው ወይስ ጆሮዎ ነው የሚዋሽዎት፣ ጋሼ?"

ጥያቄው ድፍረት ነበር፤ ሀመልማል አፏን ያዘች። ጋሽ ያብስራ ግን አልሰሟትም። እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት እጅ ነው፤ ዋሽቷቸው አያውቅም። ማዞሪያዋን አንድ ጊዜ በኃይል አዞሩና ምንም አለመለወጡን ሲያዩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ብርጭቆውን እንደያዙ በግራ ጣታቸው ፍሬያቸውን ከጆሯቸው ጎትተው አወጡት።

"ኧረ በስመ አብ!"

ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። አጠገባቸው የነበሩት የድንኳን ምሰሶ የወደቀባቸው መስሏቸው ሊደግፏቸው ተሯሯጡ። እሳቸው ግን ማዞሪያዋን አልለቀቁም። ወደ ግራ አዞሩ፣ ድምፁ ወረደ። ወደ ቀኝ አዞሩ፣ ወጣ። ግራ። ቀኝ።

"እኔ ነኝ?" አሉ። "ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት!"

"እንዴት ያለ አስቀያሚ ድምፅ ነው!" አሉና እንደ ሕፃን ተንከትክተው ሳቁ። "ደርበው! ና እንጂ፣ ና! አባትህ ምን እንደሚያደርግ ና ስማ!"

ደርበው ግራ ተጋብቶ መጣ፤ አባቱ ፍሬውን እንዲያወጣ አዘዙት፣ አወጣ፣ ጆሮውን ያዘ፣ ከዚያ ጆሮውን ለቀቀና ቁልፍ ፈለገ። የሙሽራዋ አማት ይህን ካደረጉ ማን ይከለከላል? የሙሽራው አጎቶች አወጡ፣ ሚዜዎቹ አወጡ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ዞር ብለው አወጡ። ሰው ሳጥኑ ላይ ተረባረበ። "ስምንተኛ ፎቅ የኔ ነው!" "ኧረ ምድር ቤቱን ተዉልኝ!" "አንተ ብዙ ቆየህበት፣ አሁን ተራዬ ነው!" ጋሽ ያብስራ ማዞሪያዋን ለወንድማቸው እንኳ አልሰጡም።

እዚህ ላይ የትርሲት ስሕተት ተገለጠ። ሳጥኑን የቃኘችው በበረንዳዋ የማለዳ ብርድ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ይፈላል። ሙቀቱ የሬዲዮዎቹን ሆድ ዕቃ አግሎ ድምፁን ቀስ በቀስ እየሰቀለው ነበር፤ እያንዳንዱ ፎቅም በየራሱ መጠን ይሰቀላል። ባቲው ባቲ መሆኑ ቀረ። የሁሉም ሰው ጣት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ የገበያ ጫጫታ ሆነ። ትርሲት ላብ በላብ ሆና ከኋላ ያሉትን ማስተካከያዎች ታሳድዳለች፤ አንዱን ስታወርድ ሌላው ይወጣል።

ምቱን የያዙላት እናቷ ናቸው። እትዬ ሶልያና ፍሬያቸውን መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ መዋዕለ ሕፃናት ሳሉ አስተማሪያቸው እንዳስተማሯቸው፣ ችክ ችካው ላይ። አጠገባቸው ያለችው ሴት እጃቸውን አይታ ተከተለች። ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ። ጭብጨባው ድንኳኑን ዞሮ ሲመለስ አንድ ሆኖ ነበር፤ ያ ሁሉ መዳፍ አንድ ጊዜ ሲያርፍ ትርሲት ደረቷ ላይ ተሰማት። ቁልፍ የያዙትም ሰዎች ሳያውቁት ጭብጨባው ላይ መጫን ጀመሩ። ሰባተኛ ፎቅ ሲሰቀል እትዬ ሶልያና ድምፃቸውን አውጥተው አብረው ተሰቀሉ፤ ግጥሙን እዚያው ፈጠሩት፣ ተቀባዮቹም እዚያው ተማሩት። ሳጥኑ ወደ ሄደበት ሕዝቡ ይከተለዋል። ቅኝቱ ስም የለውም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ብቻ፣ በዚያ ሙቀት፣ በእነዚያ ጣቶች የተሠራ ነገር ነበር።

ሀመልማል ግን በመሀል ቆማለች። ሁሉም ሰው ተለውጦ ስታይ፣ የሚያጨበጭብ እጅ ስታይ፣ እሷ ጆሮ ውስጥ አሁንም ያ የተስተካከለ ክራር ነው። ትርሲት አየቻት። ሳጥኑን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ ብትተወው ይፈርሳል። ስለዚህ በጭብጨባው ላይ ጮኸች።

"ጋሼ! ሙሽራዋ! ሙሽራዋ አልሰማችም!"

ጋሽ ያብስራ ቀና አሉ። ምራታቸውን አዩ፤ ማዞሪያዋንም አዩ። መለየቱ ከብዷቸው ነበር። በመጨረሻ የደርበውን እጅ ያዙና ማዞሪያዋ ላይ አስቀምጠው "እንዳትነቃነቅ፣ እመለሳለሁ" አሉት። ሰዉን እየከፈቱ ሄዱ። ሀመልማል ዝቅ አለችላቸው። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ባስገቡበት እጅ፣ የወርቁን ፍሬ ቀስ ብለው አወጡና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሀመልማል ዓይኖቿን ጨፈነች።

ከዚያ የሆነውን ትርሲት የምታየው ከሳጥኑ ጀርባ ሆና ነው። የእህቷ ትከሻ በጭብጨባው ልክ ወረደ፣ በጭብጨባው ልክ ተነሣ። እግሯ ሲያርፍ የድንኳኑ እግር ሁሉ አብሮ አረፈ። እልልታው መጣ። ትርሲት አምስተኛ ፎቅን፣ ያንን የመጀመሪያውን ፍየል፣ በመዳፏ ሙሉ ተጫነችው፤ ሀመልማልም ድምፁን አውቃው ዓይኖቿን ገለጠች። ከድንኳኑ ማዶ፣ በሰዉ ራስ ላይ፣ እንባና ሳቅ በተቀላቀለበት ፊት፣ በልጅነት አልጋቸው ላይ እንደምትጮኸው ጮኸች።

"ትርስዬ! ያንቺው ምን ይላል?"

ትርሲት ከልማዷ የተነሣ ልትገልጽላት አፏን ከፈተች፤ ዝናብ፣ ከበሮ፣ ጢም ያለው ሰውዬ... ከዚያ መልሱ ገባት።

"ያንቺኑ!" ብላ ጮኸች። "ያንቺኑ ነው የሚለው!"

ጋሽ ያብስራ ልጃቸውን በክርናቸው ገፍተው ማዞሪያዋን መልሰው ያዙና እስከ ስድስት አዞሯት።